ለየትኛው ሌሊት? የድንኳንና የአዳር ዕቃ ማወዳደሪያ

የአዲስ አበባ ሰው ድንኳን ሲባል ቀድሞ የሚታየው የእድር ድንኳን ነው። ሸራው ከባድ፣ ብረቱ በአራት ጎረምሳ የሚነሣ፣ ሠፈር ውስጥ በተተከለ ቁጥር አላፊ አግዳሚውን "ማን አርፎ ነው?" የሚያሰኝ። ለአዳር የሚሆነው ትንሹ ድንኳን ግን ለብዙዎቻችን አዲስ ዕቃ ነው። ስለዚህ ገበያ የምንወርደው የለመድነውን መለኪያ ይዘን ነው፦ ሰፋ ይበል፣ ረከስ ይበል፣ ቀለሙ ይመር።

እኔም የመጀመሪያዬን እንዲሁ ገዛሁ። መርካቶ ውስጥ አንድ ሻጭ "እህቴ፣ ይሄ የአራት ሰው ነው፤ ዝናብ በይው ፀሐይ አይበገርም" አለኝ። አመንኩት። ወንጪ ሄደን ሦስት ሆነን አደርንበት። ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ በከዋክብት ተሞልቷል። ንጋት ላይ ግን ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል፣ ጋቢያችን ርሷል፣ ከሥር ደግሞ መሬቱ ጎናችንን ይዞ አለቀቀንም። ያራሰን የገዛ ትንፋሻችን ነው፤ ያበረደን የተኛንበት መሬት። ለድንኳኑ ካወጣሁት ገንዘብ ግማሹን ለምንጣፉ አውጥቼው ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ መልሼ የምጠይቀው የት እንደሚያድርና በየትኛው ወር እንደሚያድር ነው። ዕቃው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ዓይነት ሌሊት

ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው የሚገጥመው ሌሊት በግርድፉ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው የደጋ ሌሊት ነው፦ ሱባ ደን፣ ወንጪ፣ መንዝ ጓሳ። ከተማችን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ በታች እንደሚወርድ የአራት ኪሎ ጥበቃ ሁሉ ይነግራችኋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እንግዲህ ቤታችሁ ሆናችሁ "ዛሬ በረደ" ካላችሁበት ሌሊት ላይ አራት አምስት ዲግሪ ቀንሱ። የደጋ ብርድ የቤተ መንግሥት ሰውንም ያስመረረ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ድንኳን ሲያስተክሉና በኋላም ቤት ሲያሠሩ፣ ከላይኛው ብርድ የታችኛውን ሜዳ መምረጣቸው ነበር። አዲስ አበባ በአንድ በኩል የአዳር ቦታ ምርጫ ውጤት ናት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የውርጭ ሌሊት ነው። በሰሜን ተራሮች ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። በባሌ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ እዚያ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ደጅ የተረሳ የውሃ ጠርሙስ ጠዋት በረዶ ይሆናል።

ሦስተኛው የቆላ ሌሊት ነው፦ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ላንጋኖ። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ችግሩ ይገለበጣል፤ ሙቀት፣ የወባ ትንኝና ጊንጥ ይመጣሉ። እዚያ የምትፈልጉት አየር የሚያስገባና ትንኝ የማያስገባ መረብ ነው። የብርድ ነገር እዚያ ብዙም አያሳስብም።

ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ የሚመለስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው በመጀመሪያው ዓይነት ነው። ስለዚህ የኔ ምክር፦ ለደጋው ግዙ፣ ለውርጩ ተከራዩ፣ ለቆላው ያላችሁን አብቃቁ።

ነጠላ ወይስ ድርብ

ገበያ ላይ ያሉት ድንኳኖች ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን ለማየት ጣሪያውን ተመልከቱ። ነጠላው አንድ ጨርቅ ብቻ ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ መረብ ትኖረዋለች፣ በላይዋ ደግሞ እንደ ቆብ የምትደፋ ቁራጭ ጨርቅ። ድርቡ ውስጡ በአብዛኛው መረብ ወይም ስስ ጨርቅ የሆነ ድንኳን ነው፤ በላዩ እስከ መሬት የሚደርስ ሌላ የዝናብ ልባስ ይጣልበታል፤ በሁለቱ መካከል አየር ይመላለሳል።

በደጋ ይህ ልዩነት ከሁሉም ይበልጣል። ሰው ሲተነፍስ የሚያወጣው እርጥበት የቀዘቀዘ ጨርቅ ሲነካ ውሃ ይሆናል። በነጠላው ያ ውሃ ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል፤ በድርቡ ከውጪው ልባስ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተንሸራትቶ ወደ መሬት ይወርዳል። የወንጪው ድንኳኔ ነጠላ ነበር። ቀዳዳውን ሁሉ ዘግተን በማደራችን ደግሞ ራሳችን አባስነው፤ ብርድ ሲሰማን መዝጋት ደመ ነፍስ ነው፤ ግን ከላይ ትንሽ ክፍት መተው ያደርቃል፣ ደረቅ ደግሞ ይሞቃል።

ነጠላ ምንም አይረባም እያልኩ አይደለም። ለላንጋኖ፣ በበጋ፣ ለአንድ ሌሊት፣ ያውም በጥላ ሥር ልጆች ቀን የሚጫወቱበት ከሆነ ይበቃል፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። በሐምሌ ሱባ ይዞት የሚሄድ ሰው ግን ነጠላ ለብሶ ክረምትን እንደሚወጣ ሰው ነው።

የእድሩ ዓይነት የጥጥ ሸራስ? ጥጥ ሲርስ ክሩ ያብጥና ቀዳዳውን ይደፍናል፣ አየርም ያስተላልፋል፤ ለብዙ ቀን አንድ ቦታ ለሚሰፍር ሰው ምቹ ነው። ክብደቱ ግን ያለ ፒክአፕ አይታሰብም። ሳይደርቅ ከታጠፈም ይሻግታል። ለቅዳሜና እሑድ መንገደኛ አይሆንም።

ውሃ የመቋቋም ቁጥር

ከጨርቁ ወይም ከከረጢቱ ላይ 1,500፣ 2,000፣ 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ጨርቁ ላይ የውሃ ዓምድ ቢቆም፣ ማፍሰስ ሳይጀምር ምን ያህል ከፍታ ይችላል? ለበጋ 1,500 ይበቃል። ለክረምት ዝናብ ልባሱ 3,000 ቢሆን እመርጣለሁ። ወለሉ ከዚያ መብለጥ አለበት፤ ሰው ሲንበረከክበት በጉልበቱ ጫና ውሃው ከታች ወደ ላይ ይሰርጋል፤ 5,000 ያለው ደህና ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ያታልላል። ድንኳን በአብዛኛው የሚያፈሰው በስፌቱ ነው። ልባሱን ገልብጡና ስፌቱ ላይ የተለጠፈ ግልጽ ጥብጣብ እንዳለ እዩ። ከሌለ መርፌ የወጋው ቀዳዳ ሁሉ በር ነው ማለት ነው። እኔ አሁን ስገዛ አንድ ብርጭቆ ውሃ እጠይቃለሁ፤ ስፌቱን በሁለት እጄ ጎድጎድ አድርጌ ይዤ አፈስበትና ከሥር እጠብቃለሁ። አንዱ ሻጭ "እህቴ፣ ሱቁን ልታረጥቢው ነው?" አለኝ። "አንድ ብርጭቆ ናት ወንድሜ፤ አይበገርም አላልከኝም?" አልኩት። ስቆ ከላይኛው መደርደሪያ ሌላ አወረደልኝ። ያኛው አላፈሰሰም።

ቅርጽ፣ ስፋት፣ ምሰሶ

ስለ ስፋት የሚጻፈውን አትመኑ። አምራቾች "የሁለት ሰው" ሲሉ ሁለት ጠባብ ምንጣፍ ጎን ለጎን ይዘረጋል ማለታቸው ነው፤ ለአንድ ሰው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ቦርሳ፣ ጫማ፣ ክርን አልተቆጠረም። የሰዉ ቁጥር ላይ አንድ ደምሩ፦ ለሁለት ሰው የሦስቱን፣ ለሦስት የአራቱን። ከዚያ በላይ ግን አትሂዱ። ደጋ ላይ ሰፊ ድንኳን ውስጥ ጥቂት ሰው ሲተኛ አየሩ አይሞቅም፤ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ረጅም ቤት መሰል ድንኳን ደግሞ ንፋስ ሲመጣ እንደ ሸራ ይነፋል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ወለሉን ለኩ፤ ቁመታችሁ ከ1.80 በላይ ከሆነ ርዝመቱ ቢያንስ 2.10 ይሁን፤ አለዚያ እግራችሁ የረጠበውን ግድግዳ ሲገፋ ያድራል።

ከቅርጽ አንፃር ሦስቱን አወዳድሬያለሁ። ጉልላት የሚመስለው ሁለቱ ምሰሶ ተጠላልፎ በራሱ ይቆማል፤ ካስማ በማይገባበት ዐለታማ መሬት ላይ ድንጋይ ጭናችሁበት ታድራላችሁ፤ ቦታው ካልተመቻችሁ እንደ ቆመ አንሥታችሁ ታዛውሩታላችሁ። እንደ ዋሻ የሚረዝመው ለክብደቱ ብዙ ቦታ ይሰጣል፣ ግን ያለ ካስማ አይቆምም፣ ንፋሱንም በጎኑ ከተቀበለ ይተኛል። ሦስተኛው ከከረጢቱ ሲወረወር በራሱ የሚዘረጋው ነው። ሲዘረጋ የሚያስቀና ነው! ሲታጠፍ ግን ሙሉ ቡድን ይታገለዋል፤ ከታጠፈም በኋላ እንደ እንጀራ ምጣድ ክብ ሆኖ ይቀራል። ኮስተር ላይ፣ ከላይ ገመድ በሚታሰርበት ጭነት መካከል፣ ለእንዲህ ዓይነት ክብ ነገር ቦታ የለም። የራሳቸው መኪና ላላቸው ቤተሰቦች ካልሆነ አልመክርም። ለቀሪው ሰው ጉልላቱ።

ምሰሶው ፋይበር ግላስ ወይም አሉሚኒየም ነው። ፋይበር ግላሱ ርካሽና ከባድ ነው፤ ሲሰበር እየተሰነጠቀ እጅ ይወጋል፣ ልባሱንም ይቀድዳል። አሉሚኒየሙ ይጎብጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። ሰሜን ተራሮች ላይ ዕቃው በበቅሎ ስለሚሄድ ክብደቱ አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው የጭነቱ ገመድ ሲጠብቅ ምሰሶው ላይ ማረፉ ነው። ስለዚህ ምሰሶውን ከድንኳኑ ለይታችሁ፣ ከምንጣፉ መሐል ጠቅልላችሁ አስጭኑ። ፋይበር ግላስ ከገዛችሁ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ጥገናው ከባድ አይደለም። ምሰሶው ሊገባበት የሚችል፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ቀጭን ቱቦና አንድ ጥቅል ፕላስተር ያዙ፤ ሲሰበር ቱቦውን ስብራቱ ላይ አንሸራትታችሁ ከሁለት ወገን ፕላስተር ማሰር ነው።

ካስማው ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ማንም ስለማይናገርለት። አብሮ የሚመጣው ካስማ ወፍራም ሽቦ ነው፤ የደጋ ደረቅ አፈር ላይ በመጀመሪያው ድንጋይ ምት ይቆለመማል። እኔ አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ በ25 ሴንቲ ሜትር አስቆርጬ፣ ጫፉን አስቀጥኜ፣ አናቱን አስጎብጬ አሥር አሠራሁ። ከባድ ናቸው፣ በእግር ለሚጓዝ አይሆኑም። በመኪና ለሚሄድ ግን ከማንኛውም የውጭ ካስማ አይተናነሱም፤ ጠፍተው እንዳይቀሩ አናታቸውን ቀይ ቀለም ቀብቻለሁ። ምንአለሽ ተራ የተቆረጠ ብረት ፈልጎ ማሠራትም ይቻላል። አውታሩን ደግሞ አትናቁት። ብዙ ሰው የጎን ገመዶቹን ከከረጢቱ እንኳ አያወጣቸውም፤ ልባሱ ከውስጠኛው ጨርቅ ተለያይቶ አየር የሚያስተላልፈው ግን በእነሱ ውጥረት ነው።

ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈውን ላስቲክ ከመርካቶ በሜትር ግዙ፤ ወፍራሙን። ከወለሉ በሁሉም ጎን አንድ መዳፍ ያህል ያንስ። ከወለሉ ወጣ ካለ ከልባሱ የሚወርደውን ዝናብ ሰብስቦ ከሥራችሁ ኩሬ ይሠራል፤ ይህን ስህተት ያልሠራ ሰው አላውቅም።

ከሥር የሚነጠፈው

እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ መውጣት ያለበት። ብርድ የሚገባው ከላይ ይመስለናል፤ ጋቢ ላይ ጋቢ እንደርባለን። ከሥራችን ያለው ጋቢ ግን በክብደታችን ተጨፍልቆ አየሩን ያጣል፤ አየር የሌለው ጨርቅ አያሞቅም። መሬቱ ሌሊቱን በሙሉ ሙቀታችንን ይጠጣል።

ምንጣፎች የሚወዳደሩበት መለኪያ አር ዋጋ ይባላል፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሙቀት ያግዳል። ባዶ አየር ብቻ ያለው ወፍራም የአየር ፍራሽ ለጎን ይመቻል፣ ሙቀት ግን ብዙም አያግድም፤ ውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዝና እየተንቀሳቀሰ ሙቀታችሁን ወደ መሬት ያደርሰዋል። የ1 አካባቢ ዋጋ ነው ያለው። ለዋና ገንዳ ዳር ይሁን፤ ለወንጪ ግን አይሁን። ውሃ የማይመጠው ድፍን የፎም ምንጣፍ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢሆን፣ ከዚያ ይበልጣል፤ አይተነፍስም፣ እሾህም አይፈራም። ውስጡ ሙቀት ማገጃ ያለው በአየር የሚሞላ የጉዞ ምንጣፍ ከሁሉም ምርጥ ነው፤ ለውርጭ ሌሊት 4 ወይም ከዚያ በላይ ያለውን ፈልጉ። ዋጋው ግን ያስደነግጣል፤ ግራር ባለበት አገር ደግሞ ቀዳዳ መድፈኛ ሳይያዝ አይወጣም።

ደስ የሚለው የአር ዋጋ ይደመራል። ሁለት ምንጣፍ ሲደራረብ ቁጥራቸው ተደምሮ ይሠራል። ስለዚህ ከስፖርት ዕቃ ሱቅ ሁለት የስፖርት ምንጣፍ ገዝቶ መደራረብ ለደጋ ሌሊት ርካሹና አስተማማኙ መንገድ ነው። መኪና ላለው ደግሞ ከቤት አምስት ሴንቲ ሜትር የስፖንጅ ፍራሽ መጫን ይሻላል፤ ስፖንጅ ውሃ እንደሚጠጣ ግን አስታውሱ፤ በላስቲክ ጠቅልሉት።

ጋቢ ወይስ ስሊፒንግ ባግ

ጋቢ ወዳድ ነኝ፤ የሽሮ ሜዳን ጋቢ የሚያህል ነገር እሳት ዳር ለመቀመጥ አላየሁም። ለመተኛት ግን ሁለት ጉድለት አለበት፦ ጥጥ ስለሆነ እርጥበት ይጠጣል፣ ሲርስም ብርዱን ያብሳል፤ ደግሞ ሌሊት ስንገላበጥ ይከፈታል። ቡልኮም እንዲሁ፤ ይሞቃል፣ ይከብዳል። በመኪና ለሚሄድ ሰው ኮምፈርትና ጋቢ ተደርቦ ለደጋ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን ለምንጣፍ አቆዩት።

ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም የመኝታ ከረጢት፣ የምትገዙ ከሆነ ግን መለያውን አንብቡ። አይኤስኦ 23537 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የተለካ ከረጢት ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው የምቾት ሙቀት ነው፤ በተለምዶ ብርድ ቶሎ የሚሰማት ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት። ሁለተኛው የገደብ ሙቀት ነው፤ ወንድ ተጠቅልሎ ሳይንቀጠቀጥ የሚያድርበት። ሦስተኛው በሕይወት የመትረፍ ቁጥር ነው፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለበትም። ሻጭ በትልቁ የሚጽፈው ዝቅተኛውን ነው፤ "እስከ ከዜሮ በታች 10 ይችላል" ሲላችሁ የቱን ቁጥር እንደሆነ ጠይቁ። ወንድም ሁኑ ሴት፣ በምቾቱ ቁጥር ግዙ። ለወንጪና ለሱባ የምቾት ሙቀቱ 5 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ይበቃል፤ ለሳነቴና ለጨነቅ ከዜሮ እስከ ከዜሮ በታች 5። ምንም ቁጥር የሌለበት ቀጭን ከረጢት ለላንጋኖ ነው።

ሙሌቱ የላባ ወይም የፋይበር ነው። ላባው ለክብደቱ ከሁሉም ይሞቃል፣ ታምቆም ትንሽ ይሆናል፤ ከረጠበ ግን ይጠቀለልና ዋጋ ያጣል። ፋይበሩ ከበድ ይላል፣ ቦታ ይይዛል፤ ርሶም ግን የተወሰነ ያሞቃል፣ አጥቦ ማስጣትም ቀላል ነው። ለኛ ክረምትና ለኛ ኪስ ፋይበሩን እመርጣለሁ። ጋቢያችሁንም አትጣሉት፤ ከከረጢቱ ውስጥ ደረቅ ጋቢ ስትጨምሩ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ከረጢቱም ከላብ ይጠበቃል። የማይታለፈው ነገር ቀን የለበሳችሁትን ካልሲ ለውጣችሁ መተኛት ነው፤ ደረቅ ቢመስልም እርጥብ ነው።

ምድጃና ስንቅ

መጀመሪያ የሚቀድመውን፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ አይገባም። ቢፈም፣ ቢከስም፣ "ለአንድ ደቂቃ እጃችንን እናሙቅበት" ቢባልም አይገባም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ከተማችን ውስጥ በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ወሬ በየጊዜው እንሰማለን። ድንኳን ከዚያ ቤት የጠበበ ነው። የጋዙም ምድጃ እንዲሁ፣ ደጅ።

ለደጅ ግን ምርጫ አለ። ከሰልና ማንደጃ ለቡናው የሚተካው የለም፤ ለሦስት ቀን ጉዞ ግን ጆንያ ተሸክሞ መሄድ ነው፤ ክረምት ላይ ይርሳል፤ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ እሳት የት እንደሚፈቀድ መጠየቅ ግድ ነው። በቆርቆሮ የታሸገ ጋዝ የሚገባበት ጠፍጣፋ ምድጃ ለደጋና ለቆላ ምቹና ፈጣን ነው። ሳነቴ ላይ ግን ያሳፍራል፦ በውስጡ ያለው ቡቴን የሚባል ጋዝ ብርድ ሲበረታ በቅጡ መትነን ያቅተዋል፤ ጠዋት ብትከፍቱትም በደንብ አይበራም። መፍትሔው ሌሊት ቆርቆሮውን ከረጢታችሁ ውስጥ ይዞ መተኛት ወይም ፕሮፔን የተቀላቀለበትን መግዛት ነው፤ ፕሮፔን በእንዲያ ያለ ብርድ አይበገርም። የላምባ ምድጃ ይሸታል፣ ያጠቁራል፤ በውርጭ ግን አያሳፍርም። በአውሮፕላን ወደ ጎንደር የምትሄዱ ከሆነ የጋዝ ቆርቆሮ ይዛችሁ መሣፈር አይፈቀድም፤ እዚያው ፈልጉ።

ከፍታው ማብሰያውንም ይለውጠዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳነቴ ላይ በ87 ገደማ። ቤት ውስጥ በአንድ ሰዓት የሚበስለው ባቄላ እዚያ ጋዛችሁን ጨርሶም ጥሬ ነው። ሰው ከሱፐርማርኬት የውጭ ፈጣን ምግብ ሲሰበስብ አያለሁ። እኔ ግን ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ትንሽ ቅቤ ይዤ እወጣለሁ። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ድርቆሹን በሞቀ ውሃና በበርበሬ ማራስ ብቻ ነው። የዘማች ስንቅ ያለ ነገር አልተመረጠም። ውሃ ከወንዝ የምትጠጡ ከሆነ ከፋርማሲ ውሃ አጋር ወይም የውሃ ማከሚያ እንክብል ያዙ፤ ደፍርሶ ከሆነ ቀድማችሁ በነጠላ አጥሉት።

መብራት ላይ አላረዝምም፦ ግንባር ላይ የሚታሰር፣ ለየሰዉ አንድ። የስልክ መብራት ድንኳን ስትተክሉ ሦስተኛ እጅ ይፈልጋል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ስልክና ፓወር ባንክ ከጋዙ ቆርቆሮ ጋር ከረጢት ውስጥ ይደሩ።

መግዛት ወይስ መከራየት

ዋጋ አልጽፍም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ የዛሬን ዋጋ መጻፍ ነገ አንባቢን ማሳሳት ነው። ስሌቱ ግን አይለወጥም፦ የአንድ ሌሊት ኪራይ ስንት ነው፣ በዓመት ስንት ሌሊት ታድራላችሁ፣ ዕቃውስ የት ይቀመጣል? የመጨረሻውን ጥያቄ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ አልጋ ሥር ቦታ ካለቀ ቆየ።

በዓመት አንድ ሁለቴ ለምትወጡ ድንኳኑን ተከራዩ፤ የከተማው አስጎብኚ ድርጅቶች ያከራያሉ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ደግሞ ደባርቅ ላይ ያገኛል። ምንጣፍና ከረጢት ግን ከተቻለ የራሳችሁ ይሁን። ምክንያቱ ንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው የተኛበት ከረጢት ሙሌቱ ተጨፍልቆ በመለያው ላይ ያለውን ሙቀት አይሰጥም። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፤ ጨረር የሚያልፍበት ቦታ ብርድም ያልፍበታል።

የኪራይ ድንኳን ስትረከቡ እዚያው ትከሉት። አከራዩ ቢቸኩልም። ካስማውን ቁጠሩ፣ የምሰሶዎቹን መገጣጠሚያ ዳስሱ፣ የመግቢያውን ዚፕ አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ወደ ውስጥ አንገታችሁን አስገቡና አሽትቱ፤ የሻገተ ሽታ ካለው የውሃ መከላከያ ቅቡ መላላጥ ጀምሯል፣ ወለሉን በጣታችሁ ስታሹት እንደ ፎረፎር ይረግፋል። የቀደመ ጉዳት ካለ መታወቂያችሁን ከማስያዛችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ፣ ያልቀደድኩትን መረብ ከፍያለሁ።

የገዛችሁትንም ቢሆን ከጉዞው በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ጊዜ ትከሉት፤ ግቢ ካላችሁ ግቢ፣ ከሌላችሁ ጃን ሜዳን የመሰለ ክፍት ቦታ ፈልጉ። ዝናባማ ቀን ቢሆን ይመረጣል። እኛ ሠፈር የተከልኩ ቀን ጎረቤታችን እትዬ በሩ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ምነው በደህና?" አሉኝ፤ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ነበር። ካስረዳኋቸው በኋላም ብዙ አልገባቸውም፦ "ቤት እያለሽ?"

ከጉዞ ስትመለሱ ደግሞ ኮስተሩ ማታ አራት ሰዓት ሜክሲኮ ቢያወርዳችሁም ድንኳኑን ታጥፎ እንዳይነጋበት። ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ዘርጉት፣ በማግሥቱ የጋራ ልብስ ማስጫው ላይ በጥላ በኩል ስቀሉት፤ ቀጥተኛ ፀሐይ በዚህ ከፍታ ጨርቁን ያሳሳዋል። አሸዋውን ከዚፑ ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፉ። ከዚያም ከባድ ሆኖ ከቆየ ጥርሱን ከላይ እስከ ታች በጧፍ አሹት፤ ከሦስት አራት ምልልስ በኋላ ይላላል።